«ሬነዝ» የት ነው? አንድ የተናደደ ጥያቄና 22 መልሶች

አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን ክር፣ ማለትም የጥያቄና መልስ ውይይት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ማታ ከሥራ ገብቼ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ እልሁ ሳይበርድልኝ የጻፍኩት ስለሆነ ቃላቱ ሸካራ ነበሩ። ሥራዬ እንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ፣ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞሩ መንከባከብ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ከቢሮ ተደውሎ «ሬነዝ» የሚባል መንደር አንዲት እናት እየጠበቁሽ ነው፣ ቶሎ ድረሽ ተባልኩ። ስልኬ ካርታ ላይ በመጣልኝ ፊደል ሁሉ ሞከርኩት፤ የለም። ልጠይቅ ብደውል የሚያነሣ የለም። መጨረሻ ላይ አንድ ነዳጅ ማደያ ገብቼ የጠየቅኩት ልጅ ሳቅ እያለ በመስኮቱ የመንገዱን ምልክት አሳየኝ። ምልክቱ ላይ የተጻፈው፣ እንደ ፊደሉ ከተነበበ፣ «ሬይንዎርዝ» ነው። በየቀኑ በአጠገቡ የማልፈው መንደር! ሴትዮዋ ቁርስ ሳይበሉ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቁኝ፤ እኔም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ።

እንግዲህ ንዴቴን ይዤ መድረኩ ላይ የጻፍኩት ይህን ነበር፦ እንግሊዞች አንድ ስም ይጽፉና ሌላ ስም ያነባሉ። ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ «አቨርሃም» ተብሎ ተጽፎ «ኤረም» ይባላል። ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው «ሎግቦሮ» ስትሉት ማንም አይሰማችሁም፤ «ለፍብራ» ነው። ከሁሉ የከፋው ቤልቯር የሚባለው ግንብ ነው። ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፣ «ውብ እይታ» ማለት ነው፤ እነሱ ግን «ቢቨር» ይሉታል፣ ያውም ግድብ የሚሠራው ጥርሳም አውሬ ስም። ትክክሉ የተጻፈው ነው፣ ፊደል የሚውጥ ሰው ነው ጥፋተኛው፣ ይህን የሚያደርጉትም መጤውን ለመለየት ነው አልኩ። ከሥር ደግሞ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ። የ7 ዓመት ልጄ አውቶቡሱን «ባስ» በማለት ፈንታ ከትምህርት ቤት «ቡስ» እያለ ይመጣል፤ ለንደን ያለችው አክስቱ በሳቅ ትሞታለች። ላርመው ወይስ ልተወው?

1ኛው መልስ ከለንደን ነበር፣ ጨዋ ሰው። እንኳን ደህና መጣሽ ብሎ ጀመረና የራሱን ጉድ ዘረዘረ፦ ሳውዝዋርክ «ሰዘክ»፣ ግሪንዊች «ግሬኒች»፣ ሆልቦርን «ሆበን»። ወንዙን ቴምዝን እንኳ እንደ ፊደሉ ቢያነቡት ሌላ ስም ነው የሚወጣው። የእሱ ዘዴ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ የፌርማታዎቹን ስም የሚጠራውን ድምፅ እየሰሙ በልብ መድገም ነው። እኔ ያለሁበት መንደር አውቶቡሱ ድዳ ነው እንጂ ምክሩስ ጥሩ ነበር።

2ኛው የሌስተር ነዋሪ ነው። ነገሩ ሕግ አለው አለ። «ሴስተር» ብሎ የሚጨርስ ከተማ ሁሉ መሐሉ ይዋጣል፦ ሌስተር፣ ግሎስተር፣ ዉስተር፣ ቢስተር። «ዊክ» እና «ዊች» ላይ ደግሞ «ወ»ዋ አትነበብም፦ ዋሪክ፣ ቤሪክ፣ አኒክ። ይህን ከያዝሽ ግማሹን አገር ያዝሽ አለኝ። 3ኛው ግን እግር በእግር መጥቶ ሕጉን አፈረሰበት፦ ሳይረንሴስተር ሙሉ በሙሉ ይነበባል። ይልቁንም ድሮ የአገሩ ሰው «ሲሲተር» ይለው ነበር፤ ሰው ማንበብ ሲለምድና ስሙን ከአፍ ሳይሆን ከወረቀት ሲያገኘው ፊደሉ አሸነፈ። ዳቨንትሪም እንዲሁ ድሮ «ዴይንትሪ» ነበር አለ። ይህ ለእኔ ክርክር የሚጠቅም ነበርና ወዲያው አመሰገንኩት። የሌስተሩ ሰውዬ አልተደሰተም።

4ኛው መልስ የክሩ ጌጥ ነው። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ጽሑፋቸው ረጅም ቢሆንም አንድ መስመር የሚዘለል የለውም። ሮማውያን እንግሊዝን ሲገዙ የጦር ሰፈራቸውን በላቲን «ካስትራ» ይሉት ነበር። እነሱ ከሄዱ በኋላ የመጡት እንግሊዞች ቃሉን ወርሰው የድሮ የሮማ ቅጥር ላለበት ቦታ ሁሉ ሰጡት። ያው አንድ ቃል ሰሜን ላይ ላንካስተርና ዶንካስተር ሆኖ ቀረ፣ ሌላ ቦታ ማንቸስተርና ዊንቸስተር ሆነ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ እንደ ሌስተር አልቆ «ስተር» ብቻ ቀረ። አንድ ሰፈር፣ ሦስት አፍ። ቀጠሉና የእኛውን አመጡ። «ከተማ» የሚለው ቃላችንም ከ«ከተመ» የመጣ ነው፣ መነሻው ንጉሡ ከነሠራዊቱ ድንኳን ተክሎ የሰፈረበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሌስተር ሲሉና ከተማ ሲሉ ሁለቱም የጦር ሰፈር እያሉ ነው አሉ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለደቂቃዎች ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ሙሉ «ከተማ» ስል ድንኳን ታይቶኝ አያውቅም ነበር።

በሰላም የቆየው እስከዚህ ነው። 5ኛው በቀጥታ ወደ እኔ ዞረ። እንግሊዞችን የማይነበብ ፊደል ይጽፋሉ ብለሽ ትከሻለሽ፣ አንቺ ራስሽ «ንጉሥ»ን በየትኛው «ሠ» ነው የምትጽፊው? ሀ፣ ሐ፣ ኀ ብለን ሦስት ፊደል ይዘን በአንድ ድምፅ የምናነበው፣ ዐ እና አን የማንለየው፣ «አዲስ አበባ» ጽፈን «አዲሳባ» የምንለው እኛ አይደለንም ወይ? ፊደላችን የግዕዝን ድምፅ ተሸክሞ እንደቀረ የእነሱም የአያቶቻቸውን ድምፅ ተሸክሞ ቀርቷል፤ ስድብሽን ከቤትሽ ጀምሪ፣ ነው የሐሳቡ ጭብጥ። 6ኛው የእኔ መልስ ነበር፤ ልዩነቱ የእኛ ፊደል ቢበዛም ድምፁ አይጠፋም፣ «ሐ»ን ያየ ሰው ቢያንስ «ሀ» ይላል አልኩ። አሁን ሳስበው ደካማ መልስ ነበር። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግኩ ሰው ይህን መጻፌ በተለይ ያሳፍራል፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ።

7ኛው ከግላስጎው ነው፣ እንግሊዝ ገና ምን አይታችሁ ባይ። «ሚልንጋቪ» ተብሎ የሚጻፍ ሰፈር እነሱ «መልጋይ» ይሉታል። «መንዚስ» የሚባለውን የቤተሰብ ስም ደግሞ «ሚንጊስ» የሚሉ አሉ። ያልነበረ «ዘ» ከየት መጣ ብሎ ራሱ ጠየቀና ራሱ መለሰ። የድሮ ስኮትላንዳውያን ዮህ የሚባል 3 ቁጥርን የሚመስል ፊደል ነበራቸው፤ ድምፁ ወደ «የ» እና ወደ ጉሮሮ «ገ» ያደላ ነበር። ማተሚያ ሲመጣ የእርሳስ ፊደሎቹ ውስጥ ዮህ አልነበረችም፤ አታሚዎቹም በመልክ የምትመስላትን «ዘ» አስገቡ። ፊደሏ ሞተች፣ ድምጿ በሰው አፍ ቀረ። እኔን አሳምኖኛል ማለት ባልፈልግም ከዚህ በኋላ «የተጻፈው ትክክል ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አልደገምኩትም።

8ኛው መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ መጣ፤ መጤን በአፉ መለየት የእንግሊዝ ፈጠራ አይደለም ለማለት። መሳፍንት ምዕራፍ 12 ላይ የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው የሚያልፈውን ሁሉ «ሺቦሌት» በል ይሉት ነበር። «ሲቦሌት» ካለ ኤፍሬማዊ ነው፤ ያርዱታል። 42,000 ሰው በአንዲት «ሸ» አለቀ። አንቺ በ«ሬነዝ» ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው የተሰጠሽ፣ ተመስገን በይ ብሎ ዘጋ።

9ኛዋ ሊድስ የምትኖር እናት ናት፣ ስለ ልጄ የመለሰች የመጀመሪያዋ። ሰሜኖቹ «ቡስ» የሚሉት ተሳስተው አይደለም፤ የድሮው ድምፅ እሱ ነው፣ የቀየረው ደቡብ ነው። ደግሞ «አውቶቡስ» እያለ ባደገ ቤተሰብ ውስጥ ልጁ «ቡስ» ቢል ምን ያስቃል አለች። ሰሜኖቹ «ባዝ»ን (መታጠቢያ ማለት ነው) አሳጥረው ሲሉ ደቡቦቹ «ባአዝ» ብለው ይጎትቱታል፤ ይህም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941፣ በጦርነቱ መሐል፣ ቢቢሲ የሃሊፋክሱን ተወላጅ ዊልፍሬድ ፒክልስን አገር አቀፍ ዜና እንዲያነብ ሲያደርግ የሰሜን አነጋገሩን የጠሉ አድማጮች ተቃውሞ እንዳነሡም ነገረችን። ሰውዬው ዜናውን ጨርሶ በአገሩ አፍ ደህና እደሩ ይል ነበር። ልጅሽን ተይው፤ ካረምሽው ቤት ሌላ ትምህርት ቤት ሌላ ይናገራል እንጂ አይተወውም ነው ያለችው።

10ኛው መልስ ባይጻፍ ጥሩ ነበር። ለንደን ያለ ሰው የሰሜን እንግሊዝኛ የባላገር ነው፣ ልጁ ነገ ሥራ ፍለጋ ሲቀርብ አፉን እንደከፈተ ይጥሉታል፣ ከአሁኑ አርሚው፣ የሊድሷ ሴትዮ ምክርም የድሃ ምክር ነው አለ። 11ኛው ብዙ ያልተለመደ ቁጣ የታየበት ነው። «ባላገር» የሚለውን ቃል ከየት እንዳመጣኸው እናውቃለን አለው። የጎጃሙን፣ የመንዙን፣ የወሎውን አማርኛ አዲስ አበባ ላይ ሲያሾፉበት የነበሩት ሰዎች ለንደን ገብተው አሁን የዮርክሻየር ሰው ላይ ያሾፋሉ፤ ሻንጣቸውን ሲያዘጋጁ ንቀቱንም አጣጥፈው ከተው ነው የመጡት።

እዚህ ላይ እኔም የምለው ነበረኝ ግን አልጻፍኩም፤ እዚህ ልበለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዓመት «ሄድሁ»፣ «በላሁ» ስል የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ይደግሙልኝ ነበር፣ በፍቅር ነው ይላሉ። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት «ሄድኩ» ማለት ጀመርኩ። ይኸው ዛሬም «ከፈትኩ»፣ «ለጠፍኩ» እያልኩ ነው የምጽፈው፤ እናቴ ስልክ ስትደውል ብቻ ነው «ሁ»ዋ የምትመለሰው።

12ኛው ከነገሩ ወጣ። የ10ኛው ሰውዬ ለመምህሩ መልስ ሲሰጥ «አንተ» ብሏቸው ኖሮ፣ አንዲት እህት ዕድሜያቸውን እያወቅክ እንዴት ደፈርክ አለችው። 13ኛው ኢንተርኔት ላይ ሁሉም እኩል ነው፣ እንግሊዞች አንቱ የላቸውም አለ። 14ኛው መምህሩ ራሳቸው ናቸው፣ በጣም አጭር ጻፉ፦ እንግሊዝኛም ድሮ ለቅርብ ሰው የሚባል «ዛው» ነበረው፤ ዮርክሻየር ውስጥ አንዳንድ ሽማግሌዎች ዛሬም «ዛ» ይላሉ፣ ያለቦታው ለተጠቀመ ሰውም ይቆጣሉ። እኔን «አንተ» ያለኝ ወንድሜ ዮርክሻየር መጥቶ ቢሞክረው ደስ ይለኛል ብለው ጨመሩ። ከዚህ የበለጠ በጨዋ ደንብ የተሰጠ ጥፊ አይቼ አላውቅም። 15ኛው አድሚኑ ነው፤ ሁለት መልስ አጥፍቶ ወደ ጉዳዩ ተመለሱ አለ።

ተመለሱ? ነገር ነገርን ያነሣዋል። 16ኛው ሰው ስለ «ባዝ» ከተነሣ ብሎ ጃንሆይን አመጣ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጣሊያን ሲወርረን በስደት የኖሩት ባዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ በሚባል ቤት፣ ከ1936 እስከ 1940 እ.ኤ.አ. ነው። ቤቱን በኋላ፣ በ1958፣ ለከተማዋ ሰጧት። የቋንቋ ሊቃውንት ሰሜንና ደቡብ እንግሊዝን ከሚለዩባቸው ቃላት ዋነኛው ይኸው የከተማዋ ስም የሆነው ቃል ነው። ጃንሆይ አጭሩን ነው ወይስ ረጅሙን የሚሉት ብሎ ጠየቀ፤ ማንም አልመለሰለትም። 17ኛዋ፣ የሊድሷ እናት ነች፣ ያን ካነሣችሁ ልዑል ዓለማየሁንም አንሡ አለች። ከመቅደላ በ7 ዓመቱ የተወሰደው ልጅ በ18 ዓመቱ፣ በ1879፣ ያረፈው እሷ ከምትኖርበት ብዙም በማይርቀው በሊድሱ ሄዲንግሊ ነው። እንግሊዞቹ ስሙን «አላማዩ» እያሉ ነው የጻፉት፤ በስሙ ውስጥ ያለውን «ዓለም» ማን ሊሰማው? ዊንዘር ያለው መታሰቢያው ላይ «እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ» የሚለው ቃል ተጽፎበታል። ከዚያ በኋላ አምስት ስድስት ሰው ዐፅሙ ይመለስ እያለ ጻፈ፣ በ2023 ቤተ መንግሥቱ እንቢ ማለቱን ያስታወሰም ነበር። አድሚኑ እነዚያን ወደ ሌላ ክር አዛወራቸው እንጂ አላጠፋቸውም፤ ቁጥራቸውም እዚህ የለም።

18ኛው ስለ ዳቦ ነው፣ በጣም ሳቅኩ። ማንቸስተር የምትኖር ልጅ ኖቲንግሃም መጥታ ሳንድዊች ልትገዛ «ባርም» ብትል ሻጯ አፍጥጣ አየቻት። እዚህ ክቧ ዳቦ «ኮብ» ናት። ኒውካስል ጠፍጣፋዋ «ስቶቲ» ናት፣ ምዕራብ ዮርክሻየር ዘቢብ የሌላትን ሁሉ «ቲኬክ» የሚሉ አሉ። በሁለት ግንብ መሐል ያለችው ጠባብ መንገድም እንዲሁ ናት፣ እኛ ጋ «ትዊቸል»፣ ሌስተር «ጂቲ»፣ ሊድስ «ጊነል»። የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከ1950 እስከ 1961 በ313 መንደሮች እየዞሩ፣ በአብዛኛው ከአገራቸው ወጥተው የማያውቁ ሽማግሌ ገበሬዎችን እየጠየቁ፣ ይህን ሁሉ መዝግበውታል አለች። ከሥሯ አንዱ ሌስተር ውስጥ ነጭ ጤፍ በጅምላ አለ ብሎ ስልኩን ለጠፈ። ማስታወቂያው ጠፋ፤ ግን ሦስት ሰው ቀድሞ ደውሎለታል ይባላል።

19ኛው ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ ነው። የእናንተ ምን አላት ባይ። ስቶንተን ብለው የጻፉትን ከተማ «ስታንተን» ይሉታል። ቡዌና ቪስታ የሚባለው ደግሞ በስፓኒሽ ጥሩ እይታ ማለት ነው፣ የአገሩ ሰው ግን «ብዩና ቪስታ» ነው የሚለው። የእኔን «ቢቨር» አስታወሰና፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሰው አገር ውብ እይታ ሲያይ አፉ ይያዛል ማለት ነው ወይ አለ። ኒው ዮርክ ያለው ጎዳና «ሃውስተን»፣ ቴክሳስ ያለው ከተማ «ሂውስተን»፣ ፊደሉ ግን አንድ ነው። አርካንሳስ እንዲያውም ክርክሩን በሕግ ዘግታዋለች፦ በ1881 ምክር ቤቷ ተሰብስቦ የመጨረሻው «ስ» አይነበብም ብሎ ወሰነ። ለ«ሬነዝ»ም ፓርላማ ይጠራልን!

20ኛው ስለ «ዳክ» ነው። አዲስ የመጣ ልጅ የኖቲንግሃም የሱቅ ሴትዮ «ሚ ዳክ» ብላ ብትጠራው ዳክዬ ብላ ሰደበችኝ ብሎ ተቀይሞ ወጣ። ስድብ አይደለም፤ ደርቢም ሌስተርም ስቶክም ድረስ ሹፌሩም ሐኪሙም የሚለው የፍቅር መጥሪያ ነው፣ እንደኛ «ሆዴ» ማለት። እኔ በቀን ሃያ ጊዜ እባላለሁ። የመጣው «ዱክ» ከሚለው የመስፍን ማዕረግ ነው ያለም ነበር፤ ማስረጃ ሲባል ጠፋ።

21ኛው ሹፌር ነው። ጂሊንግሃም ኬንት ውስጥ በ«ጀ» ነው፣ ጊሊንግሃም ዶርሴት ውስጥ በ«ገ» ነው፣ ሲጻፉ ግን አንድ ናቸው። ጭኖ የሄደው ዕቃ ለየትኛው እንደሆነ ያወቀው አራት ሰዓት ነድቶ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ገምቱ የትኛው እንደሆነ። ዊንደምም ኖርፎክ ውስጥ «ዊንደም» ነው፣ ሌስተርሻየር ውስጥ ግን በዚያው ፊደል «ዋይመንደም»። በስልክ ላይ ስም ሲነገራችሁ ፖስታ ኮዱን ጠይቁ አለ። ከ22ቱ መልስ ሥራ ላይ የዋለልኝ ይህ ብቻ ነው፤ አሁን «ፖስታ ኮድ?» ሳልል ስልክ አልዘጋም።

22ኛው የእኔ ነው፣ ትናንት የጻፍኩት። የሬነዟ እናት ጋ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ሻዩን ቀድቼ ስለ መዘግየቴ ይቅርታ ስጠይቅ፣ መጤዎች ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሉት ብለው ሳቁ፤ የእሳቸው መጤ ለካ ከማንስፊልድ ማዶ የመጣ ሁሉ ነው። የተወለድሽበት አገር የት ነው አሉኝ። እንዲያዩት ብዬ በጋዜጣቸው ጠርዝ ላይ በላቲን ፊደል ጻፍኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ አንዲት ፊደል ሳይዘሉ፣ «ሒ»ዋን ከደረታቸው አውጥተው «ባሒር ዳር» ብለው አነበቡ። እኛ «ባርዳር» ነው የምንለው አልኳቸው። ወረቀቱን ደግመው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ጣታቸውንም እዚያችው መሐል ያለችው ፊደል ላይ አድርገው፣ ታዲያ ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች አሉኝ።